ለጥምቀት ቀሚስ የትኛው መርፌ?

ገና አልፎ ከተራ እስኪደርስ ባሉት ቀናት በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ነጠላና ቀሚስ የሚሸጥበት መደዳ ሰው አያሳልፍም። ሸማኔው ከሽመና እቃው ያወረደውን ሸማ አምጥቶ ያራግፋል፤ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ እስከ ማታ ይረግጣል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል እዚህ ከተማ በቁሙ ይወሰዳል። ጥር 11 ቀን የፋሲል መዋኛን ከቦ የሚያድረውና የሚውለው ሕዝብ አዲስ ለብሶ ነው የሚወጣው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ደግሞ ቀሚሱን የሚያየው እንግዳ በዝቷል።

ከመደዳው ጫፍ ላስቲክ አንጥፋ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና መርፌ የምትሸጥ ወጣት አለች። ፀጉራቸውን በሻሽ የጠቀለሉ እናት ከጉያቸው አጥፈው የያዙትን ሸማ አውጥተው ጎንበስ አሉ።

«መርፌ አለሽ ልጄ?»

«ሞልቷል እማማ። ስንት ልስጥዎት?»

«ለጥልፍ የሚሆን ነው የምፈልገው። ፈትል ላይ የሚሠራ።»

«ያው መርፌ ነው እማማ፤ ሁሉም ይሰፋል።»

እናት መልስ አልሰጡም። ከቀረበላቸው ውስጥ አንዱን መዘው የሸማውን ጠርዝ ወጋ አደረጉና ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። መርፌው የገባበት ቦታ ላይ አንዲት የድር ክር ተበጥሳ ጫፏ ብቅ ብሏል። ለሻጯ አሳዩአትና ወደ ሌላው ፓኮ እጃቸውን ሰደዱ፤ ቀዳዳው ረዘም፣ ጫፉ ደነዝ ያለውን እስኪያገኙ ብዙ ፈተሹ። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ማጉረምረም ጀምረው ነበር።

እኔ ግን እናት ትክክል ናቸው እላለሁ። በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ ሸማ ላይ ለወራት የሚደከምበት ጥልፍ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በእጁ ጥፋት አይደለም፤ ከገበያ ያለምርጫ በተነሣ መርፌ ነው። የክሩን ቀለም ለመምረጥ ግማሽ ቀን የምታጠፋ ጠላፊ ለመርፌው ግማሽ ደቂቃ አትሰጥም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ግማሽ ደቂቃ ነው።

መርፌ ሦስት ነገር ነው፦ ጫፍ፣ አካልና ቀዳዳ። ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ጫፉ ጨርቁን ይከፍታል። ስል ጫፍ ክሩን እየሰነጠቀ ያልፋል፤ ደነዝ ጫፍ በክርና በክር መካከል ያለውን ክፍተት ፈልጎ ይገባል። አካሉ ለክሩ መንገድ ያሰፋል፤ በጣም ከቀጠነ ክሩ እየተፋቀ ነው የሚያልፈው፣ በጣም ከወፈረ ደግሞ ስፌቱ ካለቀ በኋላም በጨርቁ ላይ የከፈተው ቀዳዳ አይዘጋም። የመርፌው ቀዳዳ ክሩን ይይዛል፤ ጠባብ ከሆነ በየስፌቱ ክሩን ይሞርደዋል። ስለዚህ መርፌ የሚመረጠው በመጀመሪያ በጨርቁ፣ ቀጥሎ በክሩ ነው። በእጅ ልማድና በዋጋ መምረጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ከጨርቁ እንጀምር፤ ጎንደር ላይ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ነውና። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ የፋብሪካ ክር አይደለም። እናቶች ሲፈትሉት አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል፤ ግመዳውም ላላ ያለ ነው። ሸማው ለሰውነት የሚለሰልሰው፣ ሲታጠብም የሚሞላው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ላላ ብሎ የተገመደ ክር በስል መርፌ ሲወጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ዛሬ አይታይም። ቀሚሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ከጥልፉ ዙሪያ ጨርቁ እየሳሳ፣ በመጨረሻም ጥልፉ እንዳለ ሆኖ ዙሪያው ይቀደዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሸማኔውን ይወቅሳል። ድሩን እየቆጠሩ በሚሠሩት የመስቀልና የጥለት ዓይነት ጥልፍ ላይ ደነዝ ጫፍና ትልቅ ቀዳዳ ያለው መርፌ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በውጭው ዓለም ይህ መርፌ «ታፔስትሪ» ይባላል፤ ከ13 እስከ 28 ቁጥር አለው። ለነጠላና ለቀሚስ ሸማ 24 እና 26 ይስማማሉ፤ ሳሳ ላለው 28፤ ለቡልኮና ለጋቢ ጠርዝ 20 ወይም 22።

ድር ሳይቆጠር ነጻ ሆኖ የሚሠራ ጥልፍ፣ ማለትም አበባ፣ ሐረግ፣ የሰንሰለት ስፌት፣ ሞልቶ የሚጠለፍ መስቀል ግን ስል ጫፍ ይፈልጋል። መስመሩ ክርና ክር የሚገናኙበትን ቦታ ተከትሎ ሳይሆን ጠላፊዋ የሣለችውን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ደነዝ መርፌ ደግሞ ወደሚቀለው ክፍተት እየሸሸ መስመሩን ያጣምመዋል። ለዚህ የሚሆነው የጥልፍ መርፌ «ክሩወል» የሚባለው ነው። ቁመቱና ውፍረቱ እንደ ተራ ስፌት መርፌ ሆኖ ቀዳዳው ረዘም ያለ ነው። ስድስት ዘርፍ ያለውን የጥልፍ ክር አንድ ዘርፍ ብቻ ነጥለው ለሚሠሩ 10 ቁጥር፣ ሁለት ሦስት ዘርፍ ለሚያደርጉ 8 ወይም 7፣ ስድስቱንም እንዳለ ለሚያስገቡ 3 ቁጥር ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ልብስ ሰፊን የሚያሳስት ነገር አለ። በእጅ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፦ 1 ቁጥር ወፍራም፣ 12 ቁጥር ፀጉር የሚያክል ነው። በስፌት መኪና መርፌ ግን ተቃራኒ ነው። 90 የሚለው የመርፌውን ውፍረት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚናገር ስለሆነ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ 100 ደግሞ ከ90 ይወፍራል። ቀን ሙሉ በመኪና ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ የእጅ መርፌ ሲገዛ «ቀጭኑን» ብሎ ትንሹን ቁጥር ያነሣል። ያ ብቻ አይደለም፤ የእጅ መርፌዎችም ራሳቸው በየዓይነታቸው ነው የሚቆጠሩት። 18 ቁጥር የሱፍ መርፌ ከ8 ቁጥር የጥልፍ መርፌ እጅግ ይወፍራል። ስለዚህ ሻጭን «8 ቁጥር ስጭኝ» ማለት አይበቃም፤ ዓይነቱ ቀድሞ፣ ቁጥሩ ተከትሎ መጠራት አለበት።

የጎንደርን የእጅ ጥልፍ ደረጃ ማየት የፈለገ ሰው የሚሄድበት አንዱ ቦታ፣ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ለንደን ነው። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የነበረ፣ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። ጥሩወርቅ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። አባታቸው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ፤ ካሣም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ብለው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በኋላም የተሸናፊውን ልጅ አገቡ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲወድቅ እቴጌይቱ ከልጃቸው ከዓለማየሁ ጋር ከእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ፤ በግንቦት ወር ወደ ባሕሩ ጠረፍ ሲጓዙ ታመው ዐረፉና ትግራይ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ እንግሊዝ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1879 በወጣትነቱ ሞተ። ቀሚሱ እስከ ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018፣ መቅደላ በወደቀ 150ኛ ዓመት፣ ሙዚየሙ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ ታይቷል።

ይህን ቀሚስ እንደ ጠላፊ ለሚያየው ሰው ታሪኩ በመርፌም ይነበባል። ሐር ሙልጭ ያለ ክር ነው፤ ሻካራ ነገር ከነካው ብርሃኑ ይጠፋል። ቀዳዳው ያልተወለወለ መርፌ ሐርን ከሁለት ክንድ ስፌት በኋላ ጠጉር ጠጉር ያስመስለዋል። የጥጡ ሸማ ደግሞ ላላ ያለ ስለሆነ ወፍራም መርፌ ከገባበት ነጭ ቀዳዳ በሐሩ ጎን ይቀራል። እንግዲህ ያን ቀሚስ የጠለፉት እጆች፣ ስማቸውን ማንም ሳይጽፈው የቀሩት፣ ቀጭንና ልስልስ ያለ መርፌ ነበራቸው፤ ወይም የነበራቸውን አለስልሰውታል። ዛሬ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ከ9 እስከ 10 ቁጥር የጥልፍ መርፌ ይዞ፣ ክሩን ከክንድ ሳያስረዝም ቢቆርጥ ይደርስበታል። ቀሚሱ ወደ አገሩ መመለስ አለበት የሚለው ክርክር ሌላ መድረክ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ከክርክሩ ጎን ጎን አንድ ነገር አጥብቄ እመኛለሁ፦ የጎንደር ጠላፊዎች ቀሚሱን ቀርበው የሚያዩበት፣ ስፌቱን የሚቆጥሩበት መንገድ ቢገኝ።

በሐር ሥራ ጎንደር ከዚያም በፊት ስሟ የታወቀ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለቤተ ክርስቲያን የተሠራው ትልቅ የሐር መጋረጃ አሁን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ ሐሩ ከሩቅ አገር በነጋዴ የመጣ ነበር። እሱ ግን ሽመና ነው፤ ወደ መርፌያችን እንመለስ።

ከፈይ ካባ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። በበዓል ቀን ካህናቱ የሚለብሱት ካባ ላይ የሚያብረቀርቀው የወርቅ ዘቦ እንደ ሌላው ክር ጨርቁን እየወጋ አይመላለስም። እንዲያ ቢደረግ በክሩ ላይ የተጠመጠመው ስስ ብረት ይላጣል። ዘቦው ከከፈዩ በላይ ተነጥፎ በሌላ ቀጭን ክር በየመሐሉ ይታሰራል። ስለዚህ ለአንድ ካባ ሁለት መርፌ ያስፈልጋል፦ ማሰሪያው ክር የሚሄድበት ከ10 እስከ 12 ቁጥር ያለው ቀጭን መርፌ፣ እና የዘቦውን ጫፍ በመጨረሻ ወደ ጀርባ የሚያወርድ ወፍራም፣ ስል ጫፍና ሰፊ ቀዳዳ ያለው መርፌ። ሁለተኛው «ሸኒል» ይባላል። ከላይ ካነሣነው ደነዝ መርፌ ጋር በቀዳዳውም በቁጥሩም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጫፉ ስል መሆኑ ነው። ማሰሪያውን ክር በንብ ሰም ቢያሻሹት ዘቦው በቀላሉ አይቆርጠውም። በሐር ጥልፍ ላይ ግን ሰም አይነካም፤ ያደበዝዛል።

ከጎንደር ተነሥተን በወገራ በኩል አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንደርስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘናል፤ ብርዱም ጨርቁም ተለውጧል። ከደባርቅ ወዲያ የስሜን ተራሮች ናቸው፤ ጃናሞራና በየዳ፣ ራስ ደጀን። እዚህ ጥጥ አይበቅልም፤ በግ ግን አለ። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባናና በርኖስ ወፍራም፣ ተጨማድዶ የተጣበቀ ነው። ደነዝ መርፌ እዚህ አይገባም፤ ስልና ወፍራሙ ከ18 እስከ 20 ቁጥር ያለው ሸኒል መርፌ ነው የሚበጀው። የጠጉር ክር በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበጣጠስ ቀዳዳው ሰፊ መሆን አለበት። ለጋቢና ለብርድ ልብስ ጥገና ደግሞ ረጅም መርፌ ይመረጣል፤ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ስፌት ወስውሶ ለመሳብ ያመቻል። ጤፍና ገብስ የሚገባበትን ጆንያ የሚሰፋው መርፌ ጫፉ ጠፍጠፍና ጎበጥ ያለ ነው፤ የተሞላ ጆንያ ከጀርባው እጅ ስለማያስገባ መርፌው በገባበት ወገን ተመልሶ እንዲወጣ ነው የጎበጠው።

ስለ ደጋው ስንናገር ወስፌን መዝለል አይገባም። የጎንደር መሶብ፣ ሙዳይ፣ አገልግልና ሰፌድ ሁሉ የሚሰፋው በወስፌ ነው። ወስፌ ክር የሚይዝ ቀዳዳ የለውም። ሴቲቱ ሰንደዶውን ታዞራለች፣ በወስፌ ካለፈው ዙር ላይ መግቢያ ትከፍታለች፣ ቀለም የገባውን አክርማ በዚያ ታሾልካለች፣ ታጠብቃለች። አክርማው ደረቅ ከሆነ ይሰበራል፤ ስለዚህ በውኃ እየረጠበ ይሠራል። ወስፌው በጣም ከሾለ ያለፈውን ዙር አክርማ ይሰነጥቃል፣ በጣም ከወፈረ ስፌቱ ይላላና መሶቡ እንጀራ ሲያቅፍ ይዛባል። መርፌ ለመምረጥ ጥሩ ዓይን ያላቸው ሴቶች ያጋጠሙኝ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ስፌት ያደጉበት ናቸው፤ ጫፍና ውፍረት ለየብቻ መታሰብ እንዳለባቸው ከልጅነት ያውቁታል። ወለቃ ላይ የሚገኘው ፕላውሼር የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛ ማዕከል ስፌትንና ሽመናን ከሸክላ ሥራ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ማስተማሩ ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ፤ የአንዱ ሙያ ዕውቀት ለሌላው ይተርፋል።

ቆዳም የራሱ ሕግ አለው። ማኅደር፣ ኮርቻ፣ ስልቻ የሚሰፋ ሰው መጀመሪያ በወስፌ ይበሳል፣ ከዚያ ጠፍሩን ወይም ጅማቱን ያሳልፋል። ዛሬ በገበያ የሚገኘው የቆዳ መርፌ ጫፉ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተሳለ ስለሆነ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ቆዳውን እየቆረጠ ያልፋል። ይህን መርፌ ለጨርቅ ማንሣት ግን ጥፋት ነው። ክሩን ይቆርጠዋል።

የብራና መጽሐፍ ጥራዝ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ለእኔም ከመርፌ ሥራ ሁሉ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ጸሐፊው መስመር ከማስመሩ በፊት ብራናውን ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጋጋዋል። ብራናው ሲፋቅ የተቀደደ ቦታ ካለው በቀጭን ጅማት ይሰፋል፤ በገዳማቱ መጻሕፍት ላይ እንዲህ የተሰፋ ቀዳዳ አልፎ ጽሑፉ ዙሪያውን ሲሄድ ይታያል። ሲጠረዝ ደግሞ አንዱ ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይዞ፣ ጥራዝን ከጥራዝ በሰንሰለት ስፌት እያያያዘ ከእንጨቱ ገበታ ጋር ያስረዋል። ሙጫ የለበትም። መጽሐፉ ለመቶ ዓመታት ሲገለጥ ሲዘጋ የሚኖረው በዚያ ስፌት ነው። እዚህ ላይ የመርፌው ውፍረት ከክሩ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ብራና እንደ ጨርቅ ተመልሶ አይዘጋም፣ የተበሳው ተበስቶ ይቀራል።

በዚህች ከተማ መርፌን በዓይነቱ እየለዩ ማስተማር ከተጀመረ ቆይቷል፤ በሕክምናው በኩል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሠልጣኞቹን ሲያወጣ ኖሯል። የቀዶ ሕክምና ተማሪ ከሚማራቸው መጀመሪያ ነገሮች አንዱ ለአንጀት ክብ አካል ያለው መርፌ፣ ለቆዳ ደግሞ ማዕዘን ያለው ቆራጭ መርፌ እንደሚያስፈልግ ነው። ልስልሱን ገለል አድርገህ እለፍ፣ ጠንካራውን ቁረጥ፤ ስለ ሸማና ስለ ቆዳ ከተናገርነው ጋር አንድ ነው። የሐኪሙ መርፌ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ እንኳ የለውም፣ ክሩ ከጭራው ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ በቀዳዳ የታጠፈ ክር ድርብ ስለሚሆንና በሥጋው ላይ ያለውን ቀዳዳ ስለሚያሰፋ ነው። ያንኑ ጥንቃቄ ለቀሚስ ብናደርገው ምን ይከብዳል?

ገበያችን ላይ ያለው መርፌ ከየት ይመጣል? ለረጅም ዘመን የዓለም የመርፌ ዋና መንደር በእንግሊዝ አገር ሬዲች የምትባል ከተማ ነበረች። ሽቦው ለሁለት መርፌ በሚበቃ ቁመት ይቆረጣል፣ ሁለቱም ጫፎቹ ይሳላሉ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ይመታል፣ ከዚያ ለሁለት ይሰበራል። ቀጥሎ በእሳት ይጠነክራል፣ ተመልሶ በልክ ይለዘባል፣ ለቀናት ይወለወላል። ጫፍ የሚስሉት ሠራተኞች የድንጋዩንና የብረቱን ብናኝ እየሳቡ በወጣትነታቸው ይሞቱ ነበር። የአንድ መርፌ ዋጋ ሳንቲም በሆነበት ዘመንም ዋጋውን የከፈለ ሰው ነበር ማለት ነው። ዛሬ የሬዲች አሮጌ ወፍጮ ሙዚየም ሆኗል፤ መርፌ የሚሠራው ይበልጡን በእስያ ነው። ጃፓን ውስጥ ሂሮሺማ በጥራት ስሟ ይነሣል፤ ሕንድና ቻይና በብዛት ያመርታሉ። ርካሽ የሆነ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ግን ርካሹ ውስጥ ያልተወለወለው ይበዛል፣ ስለዚህ መፈተሽ የገዢው ሥራ ሆኗል።

ፍተሻው ቀላል ነው። መርፌውን መስተዋት ላይ አንከባልሉት፤ የተጣመመው እየዘለለ ይሄዳል። ጫፉን በጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ መጎተት ነው፤ ከቧጨረ ጫፉ ታጥፏል። ቀዳዳው ውስጥ የጥልፍ ክር አስገብታችሁ አሥር ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ሳቡት፤ ክሩ ከሻከረ መርፌውን መልሱት። በሁለት ጣት ይዛችሁ ትንሽ ለመጥ አድርጉት፤ ጥሩ መርፌ ይለመጥና ይመለሳል፣ ያልበሰለው ጎብጦ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረዳው ጨርቁን ይዞ መሄድ ነው። ወግቶ፣ ሁለት ሦስት ስፌት ሠርቶ መስማት፤ ክሩ ሲያልፍ ጨርቁ ከጮኸ መርፌው ቀጥኗል። ስፌቱ ጎን ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከቀረ ወፍሯል።

ክር አልገባ የሚላቸው እናቶች ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን ይወቅሳሉ። ቀዳዳው በማሽን ሲመታ ከአንድ ወገን ስለሚበሳ አንደኛው ፊቱ ለስላሳ፣ ሌላኛው ጠባብና ሻካራ ይሆናል። መርፌውን ግማሽ ዙር ማዞር ብቻ ነው የሚበቃው። ክሩንም ከጥቅሉ ሲፈታ መጀመሪያ የወጣውን ጫፍ ማስገባት ይሻላል፤ ክር እንደ ጠጉር ወደ አንድ ወገን የተኛ ነው፣ በተቃራኒው ሲሳብ ይቆማል፣ ይቋጠራል። የሚወሰውሱበት፣ የሚቀመቅሙበትና የሚዘመዝሙበት መርፌ ደግሞ ከጥልፉ መለየት አለበት። ለዚህ ክብ ቀዳዳ ያለው ተራ የስፌት መርፌ፣ 7 ወይም 8 ቁጥር፣ ይበቃል። ዳንቴል የሚሠሩ በኪሮሽ ነውና ከዚህ ጉዳይ ውጭ ናቸው።

አቀማመጡም የራሱ ነገር አለው። በክረምት ጎንደር ርጥበቷ ከባድ ነው፤ በነሐሴ በወረቀት ተጠቅልሎ የተቀመጠ መርፌ በመስከረም ዝጎ ይገኛል። የዛገ መርፌ ነጭ ሸማ ላይ የሚያሳርፈው ቡኒ ነጥብ አይለቅም። የበግ ጠጉር ቁራጭ ላይ ሰክቶ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ያልታጠበ ጠጉር ያለው ቅባት ብረቱን ይጠብቃል፣ ደባርቅና ዳባት ደግሞ ጠጉር አያጡም። በላብ እጅ የተያዘ መርፌ ኒኬሉ ሲላጥ መጣል አለበት። ሥራው ሳያልቅ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ማሳደርን ግን ማንም አያድርገው፤ ከዝገቱ ሌላ ልጆች አሉ።

አሁን መኪና ጥልፍ በርትቷል። በኮምፒውተር የሚጠለፈው ቀሚስ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው ለጥምቀት አዲስ መልበስ የቻለው በእሱ ነው፤ ይህን የምጠላበት ምክንያት የለኝም። የእጅ ጥልፍ ግን በፍጥነት አይወዳደርም። የሚወዳደረው በዕድሜ ነው፦ ጨርቁን ሳይጎዳ፣ ከታጠበ በኋላም ሳይጨማደድ፣ ለልጅ በመተላለፍ። መርፌው ካልተመረጠ ይህ ብልጫ ይጠፋል፣ የእጅ ሥራውም ከመኪናው ያነሰ ሆኖ በውድ ይሸጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ። የቅዳሜ ገበያና የፒያሳ የክርና የቁልፍ ነጋዴዎች ሆይ፣ ፓኮውን ፈትታችሁ መርፌውን በአንድ ቆርቆሮ አትቀላቅሉት፤ ዓይነቱና ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ከመርፌው እኩል ሸቀጥ ነው። የልብስ ስፌትና የጥልፍ አሠልጣኞች ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ለመርፌ ስጡት፤ ተማሪው ሸማ፣ ከፈይ፣ ሱፍና ቆዳ ቁራጭ ይዞ አምስት ዓይነት መርፌ በየተራ ይሞክርበት። ሙሉ የመርፌ ስብስብ የሚያወጣው ገንዘብ የአንድ ቀሚስ ሸማ ዋጋ አጠገብ አይደርስም።